ከአደባባይ እስከ እልፍኝ፦ ሐረር፣ ጥሩምባና የተማሪ ጆሮ

ፈረስ መጋላ ላይ የቆመ እንግዳ ከዓይኑ በፊት ጆሮው ይሞላል። ወደ ጁገል ውስጥ የሚያስገባው ጠባቡ መንገድ መኪና ግርግር መባሉ ያለ ነገር አይደለም፤ ከግራና ከቀኝ የሚንጫጩት የልብስ ስፌት መኪናዎች ናቸው ስሙን የሰጡት። ከውስጥ የመስጊዶቹ አዛን ይነሣል፤ ከአደባባዩ ዳር የመድኃኔ ዓለም ደወል ይሰማል። በመካከሉ የባጃጅ ጥሩምባ፣ የጫት ሻጮች ጥሪና የተሸካሚዎች «ዞር በል!» ይደባለቅበታል። ስሙ እንደሚነግረን ቦታው የፈረስ ገበያ ነበረ። ዛሬ ፈረሱ የለም፤ ግርግሩ ግን አለ።

ይህ ጸሐፊ ብዕሩን ያነሣው ስለ ጥሩምባ ሊያወጋ ነው፤ በእጅ ስለሚጫነው ሳይሆን በትንፋሽ ስለሚነፋው። እንዲያውም ጥያቄው ትንሽ ነው። አምስት ሰዎች አምስት የትንፋሽ መሣሪያ ይዘው፣ ያለ ሰልፍና ያለ መሪ በትር፣ አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት ወንበር ስበው ቢቀመጡና ቢጫወቱ ምን ይሆናል? በአውሮፓና በአሜሪካ ይህ ብርቅ ነገር አይደለም። ፍሉት፣ ኦቦ፣ ክላርኔት፣ ሆርንና ባሱን አንድ ላይ ሲቀመጡ «ኩዊንቴት» ይባላሉ፤ የሚጫወቱት ደግሞ የአደባባይ ሳይሆን የእልፍኝ ሙዚቃ ነው። «ቻምበር» የሚለውን የፈረንጅ ቃል ከእልፍኝ የተሻለ የሚተካው አማርኛ ያለ አይመስለኝም። እንዲህ ያሉ አምስት ሰዎች ከት/ቤት ወደ ት/ቤት እየዞሩ ለልጆች መጫወታቸው በዚያ አገር የተለመደ ሥራ ነው።

በእኛስ አገር? የትንፋሽ መሣሪያ አጥተን አናውቅም። መለከትና እምቢልታ ነበሩን፤ ኋላም ትራምፔቱና ሳክስፎኑ መጡ። ይሁን እንጂ ትንፋሹ ሁልጊዜ የአደባባይ ሆኖ ቀረ። ይህ ለምን እንደሆነ ለመረዳት ከሐረር የሚሻል መነሻ አላገኘሁም። የጥሩምባው ታሪክ በዚህች ከተማ በር በኩል አልፏልና።

*

በጥቅምት 1868 ዓ.ም. ራዑፍ ፓሻ የግብፅን ጦር ይዞ ሐረር ገባ። አሚር ሙሐመድ ተገደሉ፤ ከተማዋም ለአሥር ዓመት ያህል በግብፆች እጅ ቆየች። የመጣው ሠራዊት በአውሮፓ ሥርዓት የሠለጠነ ነበር። መሐመድ ዓሊ ፓሻ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሠራዊቱን እንደገና ሲያደራጅ፣ ከአውሮፓ መምህራን አስመጥቶ ለወታደሮቹ የሙዚቃ ት/ቤቶች አቋቁሞ ነበር። ወታደር በአውሮፓ ሥርዓት ከተሰለፈ መነሻውም፣ መተኛውም፣ መተኮሻውም በጥሩምባ ይነገረዋልና። ሐረርም እንግዲህ ከጠመንጃውና ከመድፉ ጋር ጥሩምባውን አብሮ ሰማች።

ግብፆች በ1877 ዓ.ም. ለቀው ሲሄዱ መሣሪያውን ሁሉ ይዘው አልሄዱም። ከተማዋ ወደ አሚሮቿ ተመለሰች፤ አሚር አብዱላሂ ነገሡ። ዘመናቸው ግን አጭር ነበር። በ1879 ዓ.ም. የገና ሰሞን ጨለንቆ ላይ ከንጉሥ ምኒልክ ሠራዊት ጋር ገጥመው ድል ሆኑ፤ ሐረርም ተያዘች። በፈረስ መጋላ የቆመው የጨለንቆ ሰማዕታት መታሰቢያ የዚያን ቀን ሙታን ያስባል።

የኔ ወግ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ በሆነ ነገር ነው። ምኒልክ በየካቲት 1879 ዓ.ም. ወደ እንጦጦ ሲመለሱ እዚያ የሚጠብቃቸው አንድ ፈረንሳዊ ነጋዴ ነበር። ጠመንጃ ሊሸጥላቸው በአፋር በረሃ አቋርጦ የመጣው ይህ ሰው አርተር ራምቦ ነው፤ በአገሩ ግጥሙን ጽፎና ትቶ፣ ከ1873 ዓ.ም. ጀምሮ ሐረር የቡናና የቆዳ ንግድ ውስጥ የገባው ራምቦ። በዚያው ዓመት ለአንድ የካይሮ ጋዜጣ በጻፈው ረጅም ደብዳቤ የንጉሡን አገባብ ይተርካል። ከፊት ከፊታቸው ነፊዎች ይሄዱ ነበር፤ ባላቸው ኃይል ሁሉ የሚነፉትም ሐረር የተገኙትን የግብፅ ጥሩምባዎች ነበር። ከኋላ ሠራዊቱና ምርኮው ይከተላል፤ ከምርኮው መካከል እያንዳንዳቸው ሰማንያ ሰው የሚሸከማቸው ሁለት የክሩፕ መድፎች ነበሩ።

አንባቢ ይህን ሥዕል ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። ጥሩምባው ከመድፉ ጋር በአንድ ዝርዝር ውስጥ ነው ያለው። ካይሮ ሰጠችው፣ ሐረር ቀረበት፣ እንጦጦ ወሰደው። ለእንጦጦ ሰው የድል ድምፅ የሆነው ለጁገል ሰው የተነጠቀ ዕቃ ነው። አንድ ድምፅ ሁለት ጆሮ አለው።

*

አሁን ለጥቂት ጊዜ ወደ ፓሪስ ልውሰዳችሁ፤ መንገዱ ሩቅ ይምሰል እንጂ ነገሩ አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1789 የባስቲይ ምሽግ በወደቀ ማግሥት በርናር ሳሬት የሚባል ሰው አርባ አምስት የወታደር ሙዚቀኞች ሰብስቦ የብሔራዊ ዘብ ባንድ አቋቋመ። አብዮቱ በዓል ይወድ ነበር፤ በዓሉ ደግሞ በሜዳ ላይ ስለሚከበር የሚሰማው ቫዮሊን ሳይሆን የሚነፋ ነገር ነው። ነፊ ቢያንስ ጊዜ ሳሬት በ1792 ት/ቤት ከፈተ። ያ ት/ቤት ከሌላ ጋር ተዋሕዶ በ1795 የፓሪስ ኮንሰርቫቶር ሆነ። ዛሬ ዓለም የሚያከብረው የሙዚቃ ተቋም አያቱ የወታደር ባንድ ነው።

ከዚያ የሆነውን ነገር ነው እኛ ያላደረግነው። ወታደሮቹን ለማሠልጠን የተከፈተው ቤት ከሃያ ዓመት በኋላ ለሰልፍ ብቻ መንፋት የማይበቃቸው ሰዎችን አፈራ። አንቶን ራይካ የሚባል የፕራግ ተወላጅ በፓሪስ አገኛቸው። ራይካ አባቱ ገና ሕፃን ሳለ ሞቶበት፣ በአሥራ አንድ ዓመቱ ገደማ ከቤት ጠፍቶ አጎቱ ዘንድ ሙዚቃ የተማረ ሰው ነው፤ በወጣትነቱ ቦን ከተማ በአንድ ኦርኬስትራ ውስጥ ከቤትሆቨን ጋር ተጫውቷል፤ እርሱ ፍሉት፣ ቤትሆቨን ቪዮላ። ይህ ሰው ከ1811 እስከ 1820 ባለው ጊዜ ሃያ አራት ኩዊንቴት ጻፈ፤ ሁሉም ለአምስቱ የትንፋሽ መሣሪያዎች። ወዲያውም ፍራንዝ ዳንዚ የሚባል ጀርመናዊ ተከተለው።

ችግሩ ቀላል አልነበረም። አራት የክር መሣሪያዎች አንድ ላይ ሲቀመጡ እንደ እኅትማማች ናቸው፤ አንዱ በሌላው ድምፅ ውስጥ ይቀልጣል። አምስቱ የትንፋሽ መሣሪያዎች ግን ባዕዳን ናቸው። ፍሉት የሚናገረው ትንፋሹ በቀዳዳው ጠርዝ ላይ ሲሰነጠቅ ነው። ኦቦና ባሱን ሁለት ስስ የሸምበቆ ልሳን አጣምረው ይነፋሉ፤ ክላርኔት አንድ ልሳን ይበቃዋል። ሆርን፣ ያ የአዳኞች ቀንድ፣ ከነሐስ ተጠማዝዞ በከንፈር ንዝረት ብቻ ይጮኻል። እነዚህን አምስት ጠባየ ልዩዎች አንዱ ሌላውን ሳይውጥ ማነጋገር ነው የራይካ ፈተና። የሰልፍ ባንድ ይህን አይፈትንም፤ መሪው በትሩን ያወዛውዛል፣ ሁሉም በአንድነት ይጮኻል። በኩዊንቴት ውስጥ መሪ የለም። አንዱ ትንፋሹን ሲስብ ሌላው ያየዋል፤ በዓይንና በቅንድብ ይግባባሉ።

ወደ እኛ ዘመን ቀረብ ስንል የዴንማርኩ ካርል ኒልሰን አለ። በአሥራ አራት ዓመቱ ኦደንሴ ከተማ በወታደር ባንድ ውስጥ ተቀጥሮ ቀንድና ትሮምቦን ይነፋ የነበረ ልጅ ነው። ካረጀ በኋላ በ1921 መጸው ለአንድ ፒያኒስት ወዳጁ ስልክ ቢደውል ከወዲያኛው ጫፍ የትንፋሽ ተጫዋቾች ሞዛርትን ሲለማመዱ ሰማ። ሥራውን ጥሎ ሊሰማቸው ሄደ፤ በተከታዩ ዓመት ለእነርሱ የጻፈው ኩዊንቴት እስከ ዛሬ ይጫወታል። የወታደሩ ልጅ ወደ እልፍኝ ለመግባት አርባ ዓመት ፈጀበት ማለት ነው።

*

ወደ አገራችን እንመለስ። ከአድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒኮላስ ለምኒልክ የነሐስ የሙዚቃ መሣሪያዎች ላኩ፤ ሚሌቭስኪ የሚባል መምህርም አሠለጠነ። ምርኮው በስጦታ ተተካ እንጂ ቦታው አልተለወጠም፤ ያው ግቢና ሰልፍ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን በ1916 ዓ.ም. የሆነው ነው። በሐረር ያደጉት ልዑል አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን አውሮፓን ሊጎበኙ ሲሄዱ በኢየሩሳሌም የአርመኖችን ገዳም ተሳለሙ። እዚያ የተቀበላቸው የልጆች ባንድ ነበር። ልጆቹ ወላጆቻቸው በቱርክ ምድር ያለቁባቸው አርመኖች ናቸው። አልጋ ወራሹ በሰሙት ተማርከው ከፓትርያርኩ ጋር ተነጋገሩ፤ አዲሱ ዓመት ሊብት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት አርባዎቹ ወላጅ አልባዎች ከመሣሪያዎቻቸው ጋር አዲስ አበባ ገቡ። «አርባ ልጆች» የሚለው ስም በዚያው ቀረ። አሠልጣኛቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የአይንታብ ተወላጅ ነበር። በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጫን የተሰማው ብሔራዊ መዝሙር ዜማው የእርሱ ነው፤ ቃሉ የዮፍታሔ ንጉሤ።

ከዚያ በኋላ እስከ አብዮቱ ድረስ በየት/ቤቱ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል የኢትዮጵያ ተማሪ ያንን ዜማ ዘመረ። አገሩን ያጣ ሰው ዜማ መሆኑን ያወቀ ተማሪ ግን ብዙ አይመስለኝም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስቆመኛል። በአገራችን የዘመናዊ የትንፋሽ ሙዚቃ በር ከፋች የምንላቸው ልጆች ነበሩ፤ ት/ቤት መዋል የሚገባቸው ልጆች። የነፉትም ለትልልቅ ሰዎች ነው። ለመኳንንት፣ ለአምባሳደሮች፣ ለእንግዳ ነገሥታት። ይህ ሥርዓት ከእነርሱ ጋር አልተበተነም። በንጉሡ ዘመን በልደትና በዘውድ በዓል ተማሪ ተሰልፎ ለባለሥልጣን ዘመረ፤ በደርግ ዘመን የቀበሌው ኪነት ሕፃናቱን አሰልፎ መድረክ አወጣ፤ የወላጆች ቀን ደግሞ ዛሬም ልጁ ለአዋቂው የሚጫወትበት ቀን ነው። አዋቂው መሣሪያ ይዞ ልጁ ፊት ተቀምጦ «ስማኝ፣ ለአንተ ነው የመጣሁት» ያለበትን ጊዜ ፈልጌ ያገኘሁት ጥቂት ነው። በቴሌቪዥን አባባ ተስፋዬ ይህን በተረት አድርገውታል፤ ስለዚህም ነው ትውልድ እየተተካ የማይረሳቸው። በሙዚቃስ ማን አደረገው?

በልጅነቴ፣ በደርግ ዘመን፣ በአንድ የሐረርጌ ከተማ የወታደር ባንድ ወደ ት/ቤታችን መጥቶ ነበር። ስማቸውን የማልጠራው ት/ቤቱም ሰዎቹም ስለማይበደሉኝ ሳይሆን ነገሩ በየትም ስለሚሆን ነው። ጠዋት ጀምሮ በፀሐይ ተሰልፈናል። እንግዶቹ ዳስ ውስጥ ናቸው፤ ባንዱም ፊቱን ወደ ዳሱ አዙሮ ቆመ። እኛ ከኋላ ነበርን። ያንን ሁሉ ድምፅ ስሰማ ያየሁት የሰዎቹን ጀርባና በላብ የረጠበ ካኪ ሸሚዝ ነው። ከፊቴ የቆመው ነፊ ከወርቅ የተሠራ የመሰለኝን ትልቅ ነገር ታቅፎ ነበር። አፉን ምን እንደሚያደርገው ለማየት ተንጠራርቼ ከሰልፍ ወጣሁና ኩርኩም ቀመስሁ። ያ መሣሪያ ቱባ እንደሚባል ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ከመጽሐፍ ነው።

*

ለተማሪ መጫወት ከሰልፍ የተለየ ሥራ መሆኑን ሌላው ዓለም ያወቀውም ዘግይቶ ነው። በለንደን ሮበርት ሜየርና ባለቤቱ ዶሮቲ የልጆች ኮንሰርት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1923 ነው። ፕሮኮፊየቭ በ1936 በሞስኮ ለልጆች ቲያትር «ጴጥሮስና ተኩላው»ን ሲጽፍ ልጆች መሣሪያን በጠባዩ እንዲያውቁት አሰበ። ወፏ ፍሉት፣ ዳክዬዋ ኦቦ፣ ድመቷ ክላርኔት፣ አያትየው ባሱን፣ ተኩላው ሦስት ሆርኖች። አንባቢ ልብ ብሎ ከሆነ አምስቱ የኩዊንቴት መሣሪያዎች አንድም ሳይጎድሉ እዚህ አሉ። ጴጥሮስ ራሱ የክር መሣሪያዎች ቢሆንም ጫካውና መንደሩ የትንፋሽ ነው።

በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ በ1950 የተጀመረው «ያንግ ኦዲየንስስ» የተባለ ማኅበር ደግሞ ጥቂት ጥቂት ሙዚቀኞችን ወደ ት/ቤቶች መላክን ሥራዬ ብሎ ያዘ። የትንፋሽ ኩዊንቴት ለዚህ የሚመች መሆኑ ምሥጢር አይደለም። አምስት ሰው ከነመሣሪያው ባንድ መኪና ይሄዳል፤ ፒያኖ መፈለግ የለ፣ መድረክ መሥራት የለ። ደግሞም አምስቱ ፈጽሞ ስለማይመሳሰሉ ልጁ አይሰለችም። ክላርኔቱ ተፈታትቶ አፉ ብቻውን ሲነፋ እንደ ዳክዬ ይንቋረራል፤ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ሆርኑ ቢዘረጋ ከክፍሉ ጫፍ እስከ ጫፍ እንደሚደርስ ይነገራቸዋል። ባሱን ከልጁ ቁመት ይበልጣል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ራይካ ወይም ዳንዚ ሲጫወት ልጁ የሚሰማው ባዕድ ሙዚቃ ሳይሆን የተዋወቃቸው አምስት ሰዎች ጨዋታ ነው።

*

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፤ እኛን ምን ቸገረን?» የሚል አይጠፋም። መልሱ እምቢልታ ነው።

እምቢልታ ብቻውን አይነፋም። ሦስት ሆነው ነው የሚነፉት፤ አንዱ እምቢልታ የሚያወጣው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ነው። ዜማው በአንዳቸውም ውስጥ የለም፤ በመካከላቸው ነው ያለው። አንዱ ተራውን ቢስት ዜማው ይሰበራል። መለከትም እንዲሁ አንድ አንድ ድምፅ ተሸካሚ ነው። ወደ ደቡብ ብንወርድ የዲራሼ ሕዝብ ፊላ አለ፤ ብዙ ሰው የየራሱን ዋሽንቶች ይዞ፣ የየራሱን ተራ ጠብቆ፣ እየዞረና እየጨፈረ የሚነፋው። መደማመጥን ያለ መሪ በትር የምናውቅ ሕዝብ ነን። እምቢልታና መለከት ግን የቤተ መንግሥት ዕቃ ሆነው ከነጋሪት ጋር ከመኳንንት ፊት ተተከሉ፤ ልጅ የሚያውቀው ዋሽንትን ነው፣ እርሱም በእረኛ እጅ።

ይህን ከአደባባይ አውርዶ ወንበር ላይ ለማስቀመጥ የሞከረው ሰው ከየት መጣ ቢሉ ከካይሮ! ሐሊም ኤል-ዳብ፣ ግብፃዊው የሙዚቃ ሰው፣ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1964 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በ1963 በተመሠረተው «ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ» ውስጥ እምቢልታና መለከት፣ ዋሽንትና ክራር፣ ማሲንቆና በገና በየአካባቢያቸው ተለያይተው የኖሩ ተጫዋቾች አብረው ተቀመጡ። ኋላ ተስፋዬ ለማ መራው። በራዑፍ ፓሻ ዘመን ከግብፅ የመጣው ሰው ጥሩምባ አስነፋብን፤ ከዘጠና ዓመት በኋላ የመጣው ደግሞ የራሳችንን ትንፋሽ ሊሰማ ጆሮውን ይዞ መጣ። ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ያለ ቀልድ ታውቃለች።

በዚያው ሰሞን አሸናፊ ከበደ ከአሜሪካ የኢስትማን የሙዚቃ ት/ቤት ተመርቆ ተመለሰና ኋላ ያሬድ የተባለውን የሙዚቃ ት/ቤት በመጀመሪያ ዳይሬክተርነት መራ። ከድርሰቶቹ አንዱ «እረኛው ባለዋሽንት» ነው፤ ለፍሉትና ለኦርኬስትራ የተጻፈ። ሌላው «ኮቱራዥያ» ፍሉትን፣ ክላርኔትንና ቫዮሊንን ከጃፓኑ ኮቶ ጋር ያነጋግራል። አራት ሰዎች፣ አራት ጠባይ፣ አንድ እልፍኝ። ሳሬት ፓሪስ ላይ የጀመረውንና ራይካ የጨረሰውን ጉዞ አሸናፊ ብቻውን በጥቂት ዓመት ሊያስኬደን ፈልጎ ነበር። የያሬድ ት/ቤት ዛሬም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር አለ፤ ፍሉትና ክላርኔት ከክራርና ከዋሽንት ጎን ይማሩበታል። የተመራቂው እንጀራ ግን ያኔም ሆነ አሁን ያለው በአብዛኛው በባንድ፣ በሠርግና በምሽት ክበብ ነው። እልፍኙን የሚከፍትለት የለም። ይህን ስል ባንድን ማቃለሌ አይደለም፤ ጌታቸው መኩሪያ በሳክስፎኑ ሽለላ ሲሸልል የሰማ ሰው አደባባይም የራሱ ጥበብ እንዳለው ያውቃል።

*

ሐረርን ትቼ የሄድሁ እንዳይመስል ወደ ጁገል ልግባ።

የሐረሪ ቤት ትልቁ ክፍል ጊዲር ጋር ይባላል። ወለሉ አንድ ወጥ አይደለም፤ ነደባ የሚባሉ አምስት መደቦች አሉት፤ አንዱ ከአንዱ ከፍና ዝቅ ይላል፤ የየአንዳንዱም ስምና ተቀማጭ የታወቀ ነው። የቤቱ ትልቅ የት፣ እንግዳው የት፣ ወጣቱ የት እንደሚቀመጥ ማንም አይሳሳትም። ግድግዳው በስፌትና በሳህን ያጌጠ ነው። በዚህ ክፍልና በአዋጮቹ ስፍራ ዚክሪ ይባላል፤ ከረቡ የሚሉት ከበሮ ይመታል፣ ከበል የሚሉት የእንጨት ማጨብጨቢያ ይጋጫል፣ አንዱ ያወጣል ሌላው ይቀበላል። እልፍኝ ሙዚቃ ማለት ይህ ካልሆነ ምን ይሆናል? ሐረር የእልፍኝ ሙዚቃን ከፓሪስ ልትማር አያስፈልጋትም። የሌላት ትንፋሹ ነው። ጥሩምባ ወደዚህች ከተማ በጦር ገባ፣ በጦርም ወጣ፤ ጊዲር ጋር ገብቶ አያውቅም።

መደቦቹ ቀይ አፈር ይቀባሉ። ብዙ ሐረሪ ሲጠየቅ ቀዩ ቀለም በጨለንቆ የፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይላል። እንግዲህ ያን ጥሩምባ በማረከው ጦርነት መታሰቢያ ላይ፣ በቀዩ መደብ ላይ፣ ሌላ ዓይነት ነፊ ቢቀመጥ ምን ይሰማል? ይህን የሚመልሰው ጸሐፊ አይደለም፤ የቤቱ ባለቤቶች ናቸው። እኔ መጠየቁን ብቻ ነው የፈለግሁት፤ ስጠይቅም ነፊው የሚመጣው ለባለሥልጣን ሳይሆን ለልጆች ከሆነ መልሱ ሊለይ ይችላል ብዬ ነው።

ቦታውን በተመለከተ ከአእምሮዬ የማይጠፋ ቤት አለ። ራስ ተፈሪ ይባል የነበረው ቤት ዛሬ አብዱላሂ ሸሪፍ በግል ጥረታቸው ያሰባሰቧቸው የብራና መጻሕፍትና ቅርሶች የሚታዩበት ሙዚየም ነው፤ በካሴትና በሸክላ የቀሩ የድሮ ድምፆችም ከስብስባቸው መካከል ናቸው። ከፈረስ መጋላ ሩቅ አይደለም። አርባዎቹን ልጆች ከኢየሩሳሌም ያመጡት ሰው ስም የቀረበት ቤት ውስጥ፣ አርባ የሐረር ተማሪዎች ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ቢገቡና አምስት ሰዎች ቢጫወቱላቸው አስቡት። መጀመሪያ ከረቡና ከበሉ፣ ቀጥሎ ሦስት እምቢልታ፣ ቀጥሎ ዳንዚ።

ኦቦና ባሱን ከየት ይምጣ ለሚለኝ፣ ኦቦ ከጠፋ ዋሽንት ይግባ እላለሁ። ዋሽንት የሚቆረጥበት ሸምበቆና የኦቦ ልሳን የሚፋቅበት ሸምበቆ አንድ ዘር ነው። የአውሮፓ ነፊዎች ልሳናቸውን ከደቡብ ፈረንሳይ ያስመጣሉ፤ እኛ አገር በየወንዙ ዳር ይበቅላል። ያሬድ ት/ቤት ከሚያስመርቃቸው የፍሉትና የክላርኔት ልጆች ሁለቱ፣ አንድ ባለዋሽንት፣ ከወታደር ባንድ ጡረታ የወጣ አንድ የሆርን ወይም የትሮምቦን ሰው፣ የባሱኑንም ድርሻ የሚይዝ አንድ ባለሳክስፎን። አውቶቡሱ ከአዲስ አበባ በጠዋት ይነሣል፤ ጨለንቆን አልፎ ከመምሸቱ በፊት ሐረር ይገባል። ልጆቹ ግን ነፊዎቹን ከፊት ለፊት ይዩአቸው።